ለሚሄዱት ደጀን ሁኑ

ልጆቼ፣

በዚህ ክረምት ብዙዎቻችሁ ትመረቃላችሁ። ገሚሳችሁ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ መኪና በሳምንት አንዴ ብቅ ወደሚልበት ቀበሌ ትሄዳላችሁ፤ ገሚሳችሁ ከተማ ትቀራላችሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለሁለታችሁም ነው፤ ይበልጥ ግን ለምትቀሩት። የሚሄደውን ሰው ሁሉ ይመክረዋል፣ ይመርቀዋል። ለሚቀረው ግን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው የለም።

እኔ ገጠርን ያወቅሁት በ1967 ዓ.ም. ነው። የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወደ 60 ሺህ የምንጠጋ ተማሪዎችና መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ተበተንን። ዘመቻው የራሱ የፖለቲካ ጣጣ ነበረበት፤ ሳይመለሱ የቀሩ እኩዮችም አሉን፤ ነፍሳቸውን ይማር። ዛሬ የማነሳው በጣቢያችን አብሮን የዘመተውን መምህር ነው። ማታ ማታ በኩራዝ ለገበሬዎች ፊደል ስናስተምር ከኋላ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያል። አንድ ሌሊት ትምህርቱ አልሳካ ብሎኝ ተናድጄ ስተኛ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና “ነገ ከ‘ሀ’ አትጀምር፤ ‘መሬት’ ብለህ ጻፍላቸው” አለኝ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ የወጣ ሰሞን ነበር፤ በየቤቱ የሚወራው እሱ ነው። በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ ጠመኔዋን እንደ እርፍ ጨብጠው ሦስቱን ፊደላት አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ አሳረፏቸው። ያ መምህር ያን ሌሊት ባይቀሰቅሰኝ ኖሮ በሳምንቱ ወደ ቤቴ መንገድ በጀመርኩ ነበር።

ኋላ እኔም መምህር ሆኜ ተመደብኩ። ደመወዝ ለመቀበል ወደ ወረዳው ከተማ አንድ ቀን ሙሉ በእግሬ እሄድ ነበር፤ ለመመለስ ሌላ ቀን፤ ገንዘብ ያዡ ከሌለ ደግሞ አድሮ መጠበቅ ነው። እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ ሰባ ያህል ልጆች ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ከእናንተ መካከል በጀት ክፍል፣ በሰው ኃይል አስተዳደር፣ በባንክ የምትሠሩ ትኖራላችሁ። ጠረጴዛችሁ ላይ ፊርማ የሚጠብቅ የዝውውር፣ የደመወዝ ወይም የውሎ አበል ወረቀት ስታዩ እነዚያ ልጆች ይታዩአችሁ። ወረቀቱ ባደረ ቁጥር አብረው የሚያድሩት እነሱ ናቸው።

አገራችን ለሚሄዱት ደጀን መሆንን በደንብ የሠራችባቸው ቦታዎች አሉ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን (ሳኒታሪያኑን) አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። በጅማ የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ተቋምም ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን የሥርዓተ ትምህርቱ ምሰሶ አድርጎታል፤ ተማሪው በየዓመቱ ወደ ሕዝቡ ወርዶ ችግሩን ያጠናል፣ መፍትሔ ያቅዳል፣ አብሮ ይሠራል። በእኔ ግምት የሁለቱም ብርታት ተማሪ ገጠር መላካቸው ብቻ አይደለም፤ ያማ ከባድ አይደለም። ብርታታቸው ተማሪው ብቻውን አለመሆኑ ነው፦ ጓደኛ አለው፣ የሚከታተለው መምህር አለው፣ የሚመለስበት ቤት አለው።

ለምትሄዱት አንድ ነገር ልበል። መጠይቅ ይዛችሁ ከአንዲት እናት ደጃፍ ስትቆሙ፣ እንጀራዋ ምጣድ ላይ እያረረ አርባ ጥያቄ የምትመልስላችሁ ልጄ ይማርበት ብላ ነው። ውጤቱን ሳትነግሯት አትጥፉ። የምትቀዳው የምንጭ ውኃ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ ወይስ አልተገኘም? ተመልሳችሁ በቋንቋዋ ንገሯት። ይህን ሳያደርግ የመጣ ቡድን ለሚቀጥለው ቡድን በር ይዘጋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ አንዲት ተማሪዬ ቆላ ውስጥ ወዳለ ትምህርት ቤት ተመደበች። ኅዳር ላይ ከደብተር በተገነጠለ ሁለት ገጽ ወረቀት ጻፈችልኝ። ሦስት ክፍል ብቻዋን ታስተምራለች፤ ሰሌዳው ነጥቶ ጠመኔው አይታይም። የጠየቀችኝ ገንዘብ አልነበረም። ሦስት ክፍል በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሚያዝና ሰሌዳው እንዴት እንደሚጠቁር ብቻ ነው የጠየቀችው። ሁለቱንም አውቃለሁ፤ ከሰል ወቅጦ ከቅል ቅጠል ጋር አዋሕዶ መቀባት ሠርቼ የኖርኩበት ዘዴ ነው። ነገር ግን ፈተና እያረምኩ ነበርና ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። የመለስኩላት በሚያዝያ ነው። ደብዳቤዬ ሲደርስ ሥራውን ትታ ሄዳ ነበር፤ ልጆቹም እስከ መስከረም ያለ መምህር ከረሙ። እንባ የሚያመጣብኝ ነገር ነው፤ አንድ ገጽ መልስ ይበቃት ነበር።

ስለዚህ የምትቀሩት፣ ከክፍላችሁ አንድ ሰው ምረጡ። ብዙ አያስፈልግም፤ አንድ ሰው። ስልክ ቁጥሩን ያዙ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ለሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ እደውላለሁ። የምጠይቃቸው ያው ነው፦ ደመወዝ ገባ? ምን ጎደለ? እሑድ ቡና ከማን ጋር ጠጣችሁ? የመጨረሻውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ቡና የሚጠራው ጎረቤት ያላገኘ መምህር ዓመቱን ሲጨርስ አላየሁም።

ባለፈው ወር ከሦስቱ አንዱ ሰሌዳው መንጣቱን ነገረኝ። የከሰሉንና የቅል ቅጠሉን ዘዴ እዚያው በስልክ ነገርኩት። በዚህ ቅዳሜ ስደውል እሱ ቀድሞኝ “ጋሼ፣ ጠቆረ!” አለኝ። ከሰሉን ልጆቹ ከየቤታቸው፣ ቅጠሉንም ከየአጥሩ ለቅመው አምጥተዋል። የሰኞን ትምህርት ሊጽፍበት ቆሞ ነበርና ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሲንኳኳ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።