የልብ ምርመራው (ኢሲጂ) ደህና ከሆነ ደም ሁለቴ ለምን ይወሰዳል?

ጥያቄ፦ አባቴ 58 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው። ሰሞኑን ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው፤ ላብ በላብ ሆኑ። እሳቸው «ጨጓራዬ ነው» ቢሉም የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ሆስፒታል አደረስናቸው። ኢሲጂው ደህና ነው ተባለ። ግን አላስወጧቸውም፤ ከሰዓታት በኋላ ደም ደግመው ወሰዱ። ያለ ምክንያት ገንዘብ እያስወጡን ይሆን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሐኪሞቹ ያደረጉት ትክክል ነው። ኢሲጂ የሚያሳየው በዚያች ቅጽበት ያለውን የልብ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። የልብ ደም ሥር ሙሉ በሙሉ ሲደፈን አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይታያል፤ ያኔ የደም ውጤት ሳይጠበቅ ሕክምና ይጀመራል። በከፊል ሲዘጋ ግን ኢሲጂው ምንም ላያሳይ ይችላል። ሕመሙ ካልተወ ኢሲጂም የሚደገመው ለዚህ ነው።

ደሙ የሚመረመረው ለትሮፖኒን ነው። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ፕሮቲን ነው። ችግሩ፣ ትሮፖኒን ወዲያው አይጨምርም፤ ሰዓታት ይፈልጋል። ቶሎ የደረሰ ሰው የመጀመሪያ ውጤቱ ንጹህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንደ መሣሪያው ዓይነት ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገማል። ዋናው ነገር በሁለቱ መካከል ያለው ለውጥ ነው። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ትሮፖኒኑ ሁልጊዜም ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ በአንድ ቁጥር ብቻ መፍረድ ያሳስታል።

ከማሽኑ እኩል የሚያስፈልገን የሕመሙ ታሪክ ነው። መቼ ጀመረ? ወደ ግራ እጅ ወይም መንጋጋ ይሄዳል? ዳገት ሲወጡ ይብሳል? ሲጋራ ያጨሳሉ? ጫት ይቅማሉ? እባካችሁ ጫቱን አትደብቁን። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ የልብን ደም ሥርም ሊያጠብ ይችላል። የምንጠይቀው ለመውቀስ አይደለም።

«ጨጓራዬ ነው» የሚለው ነገር በጣም ያሳስበኛል። ስኳር ያለባቸው ሰዎች፣ ሴቶችና አረጋውያን ደረታቸውን ላያማቸው ይችላል። ትንፋሽ ማጠር፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ድንገት ከመጣ እቤት ጤና አዳም እየጠጡ አይጠበቅም። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ፤ ካልተገኘ ባገኙት መኪና ይሂዱ።

ሁለቱም ውጤት ደህና ቢሆን እንኳ የአባትሽ የልብ ደም ሥሮች ንጹህ ናቸው ማለት አይደለም። የክትትል ቀጠሮ ይያዝላቸው። ሲወጡ የኢሲጂውን ወረቀት ጠይቂና አስቀምጪው። ሌላ ጊዜ ሕመሙ ቢመለስ የሚያያቸው ሐኪም አዲሱን ከእሱ ጋር ያስተያያል፤ ለውጥ ካለ ቶሎ ይታወቃል።