የምታጠባ እናት የትኛውን የወሊድ መከላከያ ትጀምር?

እህቴ፣ ቢዘገይም እንኳን ማርያም ማረችሽ። የጻፍሽው ባጭሩ ይህ ነው፦ ልጅሽ 3 ወሩ ነው፣ ታጠቢያለሽ፣ ማታ ማታ የጣሳ ወተት ትጨምሪለታለሽ፣ የወር አበባ ገና አላየሽም። ጥያቄሽም፦ ከፋርማሲ የገዛሁትን ክኒን ልጀምር፣ መርፌ ልወጋ ወይስ ክንዴ ላይ ላስቀብር? ወተቴንስ አያደርቀውም ወይ?

መጀመሪያ የክኒኑን ካርቶን ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢ። «ኤቲኒል ኢስትራዲዮል» የሚል ካለበት ኤስትሮጅን ያለው ድብልቅ ክኒን ስለሆነ አሁን አትጀምሪው። ወተት ሊቀንስ ይችላል ተብሎ የሚፈራው ይሄኛው ሆርሞን ነው። በወሊድ ማግስት ባሉት ሳምንታት ደግሞ ደም የመርጋትን አደጋ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለምታጠባ እናት እስከ 6 ሳምንት ድረስ ፈጽሞ ይከለክለዋል፤ ከዚያ እስከ 6 ወር ደግሞ ሌላ የሚሆን ነገር ከጠፋ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ በስም መመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማይክሮጋይኖን ድብልቅ ነው፤ ማይክሮሉት ግን ኤስትሮጅን የሌለው፣ ፕሮጄስቲን የተባለው ሆርሞን ብቻ ያለበት፣ ለምታጠባ የሚሆነው ክኒን ነው። ፋርማሲ ሄዶ «ያ ማይክሮ የሚባለውን» ማለት አይበቃም። በፓኬቱ ውስጥ ከሆርሞኑ ፍሬዎች ጋር 7 ቡናማ የብረት ፍሬዎች ካየሽ ድብልቁ ነው። ማይክሮሉት ፍሬው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ 30 ማይክሮግራም ሌቮኖርጀስትሬል (የፕሮጄስቲን ዓይነት) አለው፣ አንዱ ፓኬት ሲያልቅ በማግስቱ ሌላው ይጀመራል፣ የዕረፍት ሳምንት የለውም።

የማይክሮሉት ችግሩ ሰዓት ነው። በዋናነት የሚሠራው የማህፀን በር ላይ ያለውን ፈሳሽ በማወፈር ሲሆን ይህ ውጤት አንድ ቀን ካለፈ ይላላል። ስለዚህ ከ3 ሰዓት በላይ መዘግየት እንደ መርሳት ይቆጠራል፦ ማታ 3 ሰዓት የምትውጥ ሴት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈባት ወዲያው ትውጥና ለ2 ቀን ኮንዶም ትጨምራለች። በጾም ወቅት የሚበላሸውም በዚሁ ነው፤ ጠዋት የለመደችው ክኒኗን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ትገፋዋለች። ከእራት በኋላ ያለ ሰዓት መምረጥ ይሻላል። አውሮፓ ያላችሁ የምታገኙት ሌላው ፕሮጄስቲን ብቻ ያለበት ክኒን፣ 75 ማይክሮግራም ዴሶጀስትሬል፣ እስከ 12 ሰዓት መዘግየት ይፈቅዳል።

«የወር አበባ ካላየሁ ምን አስቸኮለኝ?» ለሚለው፣ ጡት ማጥባት ብቻውን የሚከላከለው ሦስት ነገር አብሮ ሲሟላ ነው፦ የወር አበባ አለመመለሱ፣ ልጁ ከ6 ወር በታች መሆኑ፣ ምግቡ ሙሉ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል ጡት ብቻ መሆኑ። በሁለት ማጥባት መካከል ያለው ጊዜ ቀን ከ4 ሰዓት፣ ሌሊት ከ6 ሰዓት ባይበልጥ ይመከራል። የማታው ጣሳ ሦስተኛውን አፍርሶታል። እንቁላሉ ደግሞ የመጀመሪያው የወር አበባ ሳይታይ በፊት ሊወጣ ይችላል፤ አበባ እስኪመጣ ስትጠብቅ ያረገዘች ብዙ ናት። ካለ መከላከያ ግንኙነት ካለ የሽንት ምርመራ አድርጊ፤ ኔጌቲቭ ቢሆንም ከመጨረሻው ግንኙነት 3 ሳምንት ቆጥረሽ ድገሚው።

የሦስት ወሩ መርፌ ለምታጠባ ከ6 ሳምንት በኋላ ይሰጣል፤ አንቺ አልፈሽዋል። ቀጠሮሽ 2 ሳምንት ቢቀድም ወይም እስከ 4 ሳምንት ቢዘገይ መውሰድ ይቻላል፤ ግን ዘግይቶ መሄድ ልማድ አይሁን። የተወጋሽበትን ቦታ አትሺው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደሙ የተዛባ ነው፣ ሲቆይ በብዙዎች ላይ ጨርሶ ይቀራል፤ ደም ቀረ ማለት ውስጥ ተጠራቀመ ማለት አይደለም። ዋና ጉድለቱ ሌላ ነው፦ ካቆሙት በኋላ እርግዝና ይዘገያል፣ ከመጨረሻው መርፌ በአማካይ 10 ወር ገደማ። ደም ግፊትሽ 160/100 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መርፌው ይቅርብሽ።

ክንድ ላይ የሚቀበረው፦ ኢምፕላኖን አንድ ዘንግ ነው፣ 3 ዓመት ይሠራል፤ ጃዴል ሁለት ዘንግ፣ 5 ዓመት። ቦታው ደንዝዞ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ቤት ስትደርሺ በጣትሽ ዳስሺው፤ ካልተዳሰሰሽ ኮንዶም እየተጠቀምሽ ተመለሺ። ሲወጣ እርግዝና ወዲያው ሊመጣ ይችላል። ጠብ ጠብ የሚል ደም ግን ያስመርራል፣ ብዙዋን የሚያስወጣት ይሄው ነው። የቲቢውን ሪፋምፒሲን፣ የኤችአይቪውን ኤፋቪረንዝ ወይም እንደ ካርባማዜፒን ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ይህም ክኒኑም ይደክማሉ፤ መርፌው አይደክምም።

መርፌውም ክንዱም ወተት አያደርቁም። በወተቱ የሚያልፈው ጥቂት ሆርሞን በልጅ ዕድገት ላይ ጉዳት ማድረሱ አልታየም። ወተትሽ ከቀነሰ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ጡጦውን ነው፤ ልጁ ጡቱን ካልሳበ ጡቱ አያመርትም።

በእኔ ግምት ቀጣዩን ልጅ ከ2 ዓመት በኋላ ካሰብሽ ክንዱ ይሻልሻል፤ ሌሊት ተነስታ ለምታጠባ ሴት ሰዓት የሚያስጠብቅ ነገር ሸክም ነው። የልጁ የ14 ሳምንት ክትባት ደርሷልና በዚያው ቀን የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉን ጠይቂ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነፃ ነው። የጡት ካንሰር፣ ከባድ የጉበት ሕመም ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም መፍሰስ ካለብሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ክንዱ ከተቀበረ ወይም መርፌው ከተወጋ በኋላ ለ7 ቀን ኮንዶም፤ ለማይክሮሉት 2 ቀን ይበቃል።

እስከዚያ አንድ ቀን ሳይታሰብ ያለ መከላከያ ግንኙነት ከሆነ ድንገተኛ መከላከያው ክኒን ፖስትፒል እያጠቡም ይወሰዳል፦ በጠቅላላው 1.5 ሚሊግራም፣ ባለሁለት ፍሬው ከሆነ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ፣ ቢቻል በ72 ሰዓት ውስጥ።

የገዛሽው ድብልቅ ከሆነ አትጣይው። ልጁ 6 ወር ሲሞላው ክኒን ልትመርጪ ከፈለግሽ፣ ደም ግፊትሽን ተለክተሽ የሚያበቃበትን ቀን አይተሽ ትጀምሪዋለሽ።