«ታይላንድ ይላል እኮ፣ አጎቴ!»

የእህቴ ልጅ ሐዋሳ ውስጥ የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ያነሳል። ከአሜሪካ ጠቅልዬ ስመለስ አንድ ኒኮን ይዤለት መጣሁ። ካርቶኑን ከፈተ፣ ካሜራውን ገለበጠ፣ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አነበበ። ፊቱ ወዲያው ቅጭም አለ። «አጎቴ፣ ታይላንድ ይላል እኮ! የጃፓኑን አላገኘህም?» እናቱ ቡና እያፈላች ነበር። «አታለሉህ እንዴ?» አለችኝ። ያዘነችው ለእኔ ይሁን ለልጇ አልገባኝም።

ውጭ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይሄ ነገር እናንተም ጋ መድረሱ አይቀርም። እዚህ «ኦርጅናል ነው?» ማለት «የት ተሠራ?» ማለት ሆኗል። ዘመዴ ቅር እንዳይለው ብላችሁ ጃፓን የሚል ፍለጋ ተጨማሪ ዶላር አታውጡ።

ኒኮን ታይላንድ ውስጥ፣ አዩታያ ላይ ፋብሪካ ከከፈተ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጎርፍ ያን አካባቢ ሲያጥለቀልቀው የኒኮን ካሜራ እጥረት ተፈጠረ። የሶኒ ፋብሪካም እዚያው ውኃ ገባው። ታይላንድ ውስጥ የነበሩ የሃርድ ዲስክ ፋብሪካዎችም ስለተጎዱ የሃርድ ዲስክ ዋጋ በየአገሩ ናረ። ኒኮን ግን ከዚያ በኋላም አልሸሸም። ጭራሽ ጃፓን ሰንዳይ ይገጣጥማቸው የነበሩትን ካሜራዎች ወደዚያው ወሰደ። ላይካ የሚባለው ካሜራ እንኳ፣ ያ ሰው ሁሉ «የጀርመን» እያለ የሚምልበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ፖርቱጋል ውስጥ ፋብሪካ አለው። «ኤም» የሚባሉት ካሜራዎቹ ብዙ ሥራ እዚያ ይሠራል። የመጨረሻው ገጠማ ጀርመን አገር ቬትዝላር ከተማ ያልቅና ጀርመን ተብሎ ይጻፍበታል። አፕልማ አይደብቅም፤ ካሊፎርኒያ ተነድፎ ቻይና ተገጣጠመ ብሎ እቃው ላይ ራሱ ሲጽፍ ኖሯል። አሁን አንዳንዱ ላፕቶፕ ቬትናም ይላል። ዋናው ቺፕ ደግሞ ታይዋን ነው የሚሠራው።

ልጁን ያሳመንኩት ግን በዚህ ሁሉ አይደለም። በእህቱ ነው።

እህቱ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር። ፓርኩ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች እስከ 2021 መጨረሻ ገደማ እዚያ ነበር። እኔ ያኔ አሜሪካ ነበርኩ። ሱቅ በገባሁ ቁጥር የሸሚዝ አንገት እየገለበጥኩ ኢትዮጵያ የሚል እፈልግ ነበር፤ ሚስቴ በሐፍረት ትርቀኛለች። አንድ ቀን አገኘሁ። ዋጋው አጠገቡ ከተሰቀለው የባንግላዲሽ ሸሚዝ ጋር እኩል ነው። ከሐዋሳ ስለመጣ አልረከሰም። ልኩን፣ ጨርቁን፣ የስፌቱን ጥራት የሚወስነው የስሙ ባለቤት ነው። ያልሆነለትን ይመልሳል። ካሜራም እንደዚያው ነው።

«እህትህ የሰፋችው ፎርጅድ ነው?» አልኩት። ሳቀ፤ ካሜራውን አንገቱ ላይ አጠለቀ።

እሺ፣ የት እንደተሠራ ካልሆነ ምኑን እንይ? የት እንደሚሸጥ። እዚህ ላይ እኔም ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት ኢንተርኔት ላይ እርካሽ ካሜራ አየሁና ዘልዬ ገዛሁ። ለጃፓን ገበያ ብቻ የወጣ ኖሯል። ቋንቋ መቀየሪያውን ብፈልግ ብፈልግ የለም። ሁሉም ነገር በጃፓንኛ። ካሜራው ዛሬም አለ፤ የእህቴ ልጅ ምልክቶቹን በቃሉ ይዞ ይሠራበታል። ጓደኞቹ «ሰንሴይ» ይሉታል፣ በጃፓንኛ መምህር ማለት ነው። ሻጩን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ለየትኛው አገር የወጣ ነው? ቋንቋው ይቀየራል?

ዋስትናም ብዙ ጊዜ የሚሠራው እቃው በተሸጠበት አገር ነው። ሐዋሳ ሲበላሽ የአሜሪካው ወረቀት ጌጥ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ካሜራም ላፕቶፕም ስትገዙ አሽጋችሁ አታስቀምጡ። ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ግዙና እናንተው ተጠቀሙበት። የልጆቻችሁን ልደት አንሱበት፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት አድርጉት። የፋብሪካ ጉድለት ካለበት ብዙ ጊዜ ቶሎ ይታያል፤ መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ትቀይሩታላችሁ። «የተነካ ነው» የሚል ዘመድ ካለ ለእኔ ላኩት።

ለቪዲዮ ከሆነ ደግሞ መብራቱን አስቡ። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ከአሜሪካ በመጣበት አቀማመጥ አዳራሽ ውስጥ ሲቀረጽ ምስሉ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። ልጁ መጀመሪያ ካሜራው የተበላሸ መስሎት ደንግጦ ደወለልኝ። ሜኑው ውስጥ ከኤንቲኤስሲ (ከአሜሪካው የቪዲዮ አሠራር) ወደ ፓል (ለ50 ኸርዝ አገር ወደሚሆነው) መቀየር፣ ሹተሩንም፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ማድረግ ነው። ስትገዙ ይሄ መቀየሪያ፣ ወይም በሰከንድ 25 ወይም 50 ምስል መምረጫ እንዳለው አረጋግጡ።

ቻርጀሩ ላይ 100-240 የሚል ካለ ችግር የለም፣ የሶኬት አስማሚ ብቻ ነው የሚፈልገው። የስቱዲዮ መብራት ግን 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እዚያው ተዉት፤ እዚህ 220 ነው፣ ይቃጠላል። ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም። ደረሰኙንም ኪሳችሁ ያዙት፤ ጉምሩክ ሲጠይቃችሁ ሻንጣ አትበረብሩም።

አንድ ቦታ ግን «ኦርጅናል ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሜሞሪ ካርድና ባትሪ። እነዚህን አስመስሎ የሚሠራው ብዙ ነው፤ ላያቸው ላይ የፈለገውን አገር ይጽፋል። ከታወቀ ሱቅ ግዙና ሁለት ሦስት ካርድ ጨምሩበት። የእኔው ጉድ ካሜራ በያዘ ቁጥር ዛሬም ሥሩን ገልብጦ ያያል። ካርዱን ግን አንዴ መንገድ ላይ ገዝቶ የአንድ ሰርግ ኬክ ቆረሳ ጠፍቶበታል። ሙሽሮቹ እንደገና ለብሰው፣ ሌላ ኬክ ተገዝቶ፣ ሐይቁ ዳር በድጋሚ ቆረሱ። ኬኩን የከፈልኩት እኔ ነኝ።