ኮይኑ ባይናንስ ላይ ሊገባ ነው ሲባል እንዴት ይጣራል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ታናሽ ወንድምሽ ከፔዳ ግቢ ልጆች ጋር ሆኖ «ሐሙስ ባይናንስ ላይ ሊስት ይሆናል» የተባለ የክሪፕቶ ኮይን ከሰው እጅ ሊገዛ ነው። ባይናንስ ክሪፕቶ የሚገበያይበት ኤክስቼንጅ፣ ማለትም የኢንተርኔት ገበያ ነው፤ ሊስት መሆን ማለት እዚያ ለግብይት መግባት ነው። ማስረጃው ቴሌግራም ላይ የመጣ ስክሪንሾት ነው። እዚህ ባሕር ዳር እንዲህ ዓይነት ወሬ ለብዙ ልጆች ሳጣራ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርሽ። እስከዚያው ብሩ ከእጁ እንዳይወጣ።

ባይናንስ አዲስ ኮይን ሲያስገባ በራሱ ድረ ገጽና አፕ ላይ፣ በማስታወቂያ ክፍሉ ያወጣል። ወንድምሽ የቻናሉን ሊንክ ሳይነካ አፑን ራሱ ከፍቶ እዚያ ይፈልግ። እዚያ ከሌለ ወሬ ነው። «ይሄ የባይናንስ አካውንት ነው» ካሉት ደግሞ ባይናንስ ቬሪፋይ የሚባል ገጽ አለ፤ ሊንኩን ወይም የቴሌግራም ስሙን ሲያስገባ የእነሱ መሆን አለመሆኑን ይነግረዋል።

እውነተኛ ማስታወቂያ ዝርዝር አለው። ኮይኑ ከምን ጋር እንደሚገበያይ፣ ዲፖዚት (ኮይኑን ወደ ባይናንስ ማስገባት) መቼ እንደሚከፈት፣ ግብይቱ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ይጽፋል። ሰዓቱ በዩቲሲ፣ ማለትም ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ኖትኮይን የተባለው ኮይን ግንቦት 8 ቀን 2016 ሲገባ 12:00 ዩቲሲ ተብሎ ነበር፤ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። በቅርቡ ፖሊ ግቢ አካባቢ አንድ ልጅ ምስል አሳየኝ። አርማው ልክ ነው፣ ቢጫና ጥቁሩም ልክ ነው፣ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ሰዓቱ ግን በእኛ አቆጣጠር ማታ 2 ሰዓት ተብሎ ገብቷል። ምስሉን ያቀናበረው እዚሁ አገር ያለ ሰው እንደሆነ ያኔ ገባን።

ስሙ እውነተኛ ኤክስቼንጅ ላይ ቢታይም አይበቃም። ሰው በስልኩ ይሰበስበው የነበረው ፒ የተባለ ኮይን ነገር ትዝ ይበልሽ። ታኅሣሥ 2015 ሁዎቢ የሚባል ሌላ ኤክስቼንጅ ላይ ፒ ዋጋ ወጥቶለት መገበያየት ጀመረ። የፒ ቡድን ግን አልፈቀድንም አለ። ኔትወርኩ ገና ዝግ ስለነበር ማንም በስልኩ የሰበሰበውን ፒ ወደዚያ ሊልክ አይችልም ነበር። ሰው ይገዛ የነበረው ወደፊት ይሰጥሃል የሚል ቃል ነው። ኔትወርኩ የተከፈተው የካቲት 13 ቀን 2017 ነው። ያን ሰሞን ባይናንስ «ፒ ይግባ ወይ?» ብሎ ድምፅ ሲያሰባስብ ብዙ ሰው ገባ ብሎ አወራ። ድምፁ ውሳኔ እንዳልሆነ ግን ባይናንስ አስቀድሞ ጽፎ ነበር፤ ድምፁን ተከትሎም አላስገባውም።

«ውስጥ የሚሠራ ሰው ነግሮኝ ነው» የሚል ሻጭ ካለ የበለጠ ተጠንቀቁ። አሜሪካ ውስጥ ኮይንቤዝ የሚባል ኤክስቼንጅ አንድ ሠራተኛ የሚገቡ ኮይኖችን ቀድሞ ለወንድሙ በመንገሩ በ2015 የ2 ዓመት እስር ተፈርዶበታል። እንዲህ የሚያሳስር ምስጢር የያዘ ሰው ቴሌግራም ላይ አይበትነውም።

የኮይኑን ስም ማንም ማውጣት ይችላል። ስለዚህ የኮንትራት አድራሻውን፣ ማለትም ኮይኑን ከተመሳሳይ ስም የሚለየውን ረጅም የፊደልና የቁጥር ኮድ፣ ከፕሮጀክቱ ዋና ገጽ ወስዶ ፊደል በፊደል ያመሳክር። ኮይኑ የሚቀመጥበትን ዋሌት የሚከፍቱትን 12 ቃላት ደግሞ ለማንም፣ በምንም ምክንያት አይስጥ።

ብሔራዊ ባንክ በ2014 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ወንድምሽ ብሩን ቢያጭበረብሩት አቤት የሚልበት ቦታ አያገኝም፤ ይህን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።

ስክሪንሾቱን እዚህ ለጥፊው፣ ሊንኩን ግን አትክፈቺው። አብረን እናየዋለን።