«የፀሐይ አማልክት» ወይስ «ሴት አምላክ»?

ጥያቄ፦ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ ሰሜናዊ ጫፍ የሚኖሩት ሳሚዎች ጥንት ስላመለኳት ቤአይቪ ለልጆች እየጻፍኩ ነው። አንዱ አራሚ «የፀሐይ አማልክት»፣ ሌላው «የፀሐይ አምላኪት» ይሻላል አሉኝ። የትኛው ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉአቸው። «አማልክት» ከግእዝ የወረስነው የ«አምላክ» ብዙ ቁጥር ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ት» «ንግሥት»ንና «ቅድስት»ን ስለምታስታውስ የሴት ምልክት ትመስላለች እንጂ እንደ «መላእክት» ሁሉ ብዛትን ነው የምታሳየው። «አምላኪት»ማ ይብሳል፤ «አምላኪ» ማለት የሚያመልክ ነውና የምትመለከዋን አምላኪ ያደርጋታል። «አምላኳ» ቢሉም አንባቢ «የእርሷ አምላክ» ብሎ ይረዳዋል። «እመ አምላክ» ደግሞ የእመቤታችን መጠሪያ ስለሆነ ለሌላ አይሰጥም።

መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ «ሴት አምላክ» ይበሉ። «እንስት አምላክ» ስሕተት የለበትም፤ ለልጆች ግን «ሴት» ይቀላል። ከዚያ በኋላ ነገሩን ለግሡ ይተዉለት። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ላይ «የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት» ሲባል ሴትነቷን የሚነግረን «ናት» ብቻ ነው። እርስዎም እንዲህ ሊጽፉ ይችላሉ፦

«በጨለማው ወራት እኩሌታ ሳሚዎች ለቤአይቪ ነጭ ሴት ሬንዲር (በብርድ አገር የሚኖር የአጋዘን ዓይነት እንስሳ) ይሠዉላት ነበር። ሥጋውን በእንጨት ላይ ይሰኩና እንጨቱን አጉብጠው እንደ ቀለበት ያስሩታል። ብርሃን መመለስ ሲጀምር በልታ እንድትበረታ የበሩን መቃን ቅቤ ይቀቡላታል። አእምሯቸው ለታወከ ሰዎችም ይማጸኗታል።»

«ይሠዉላት»፣ «እንድትበረታ»፣ «ይማጸኗታል» እያሉ ሲሄዱ ስለ ጾታዋ የሚጠራጠር ልጅ አይኖርም። አማርኛችን ራሱ «ፀሐይ ወጣች» ማለቱ ደግሞ ለዚህ ታሪክ ትልቅ ጸጋ ነው። የሳሚ ቋንቋዎች ሰዋስው ጾታ አይለይም፤ በሰሜን ሳሚ «ቤአይቪ» ፀሐይም ነው፣ ቀንም ነው። ሴትነቷ የመጣው ከእምነቱ ነው። ፀሐይን አባት የሚያደርግ የሳሚ ትረካም ስላለ፣ እርሱን ሲተርኩ ግሡን ወደ ወንድ ይለውጡ፤ «ፀሐዩ ከረረ» የሚል ሕዝብ አይደናገርም።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ትሮምሶ በተባለችው የሰሜን ኖርዌይ ከተማ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ገደማ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትታይም። ስለዚህ ፀሐይ ዳግም የምትታይበትን ዕለት ደስታ «ፀሐይ ወጣች» ብለው አይጻፉት፤ እንደ ማንኛውም ጠዋት ይሆናል። «ተመለሰች» ይበሉ። «ክረምት» የሚለውንም በጥንቃቄ ይያዙት፤ አዲስ አበባ ላለ ልጅ ዝናብና ጭቃ ነውና «የጨለማው ወራት» የተሻለ ነው። «ፀደይ»ን ግን አይፍሩት። በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ስለሆነ፣ በሳሚዎች አገር በረዶው ቀልጦ ሬንዲሮቹ የሚወልዱበትን ጊዜ በትክክል ይይዛል።