ፍሬም ሪሌይን በአማርኛ ስናስተምር

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ኔትወርክ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ በአማርኛ ማስታወሻ ሳዘጋጅ ቃላቱ አስቸገሩኝ። ፍሬም ሪሌይን (ራቅ ያሉ ቢሮዎችን ኔትወርክ የሚያገናኘውን ቴክኖሎጂ) «የክፈፍ ማስተላለፍ» ልበለው? ፓኬትንና ፍሬምን (በኔትወርክ የሚላክ መረጃ የሚከፋፈልባቸውን ቁራጮች) ሁለቱንም «ጥቅል» ብላቸውስ? ቨርቹዋል ሰርኪዩት «ምናባዊ ዑደት» ቢባል ያስኬዳል?

መልስ፦ አብሽሩ መምህር፣ መውጫ አለው። የዕቃውን ስም እንዳለ ይተዉት፤ ሥራውን ግን በአማርኛ ይንገሩ።

«ክፈፍ» ሲባል ተማሪው የሚያስበው መስኮት ወይም ፎቶ ነው። ስለዚህ «ፍሬም» ይበሉ። ለ«ሪሌይ» ግን ጥሩ ቃል አለን፦ ቅብብል። ዱላ ቅብብልን የማያውቅ ልጅ የለም። «ማስተላለፍ» እዚህ አይበቃም፤ የትኛውም ኔትወርክ ያስተላልፋልና። ከፍሬም ሪሌይ በፊት በነበረው፣ ኤክስ 25 (X.25) በሚባለው የኔትወርክ አሠራር፣ በየመንገዱ ያለው ስዊች (መረጃውን ተቀብሎ ወደ ቀጣዩ የሚያሳልፈው መሣሪያ) ስህተት ሲያገኝ እንደገና ያስልክ ነበር። መስመሮች ጥራት ሲያገኙ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ፍጥነት ከመቀነስ ያለፈ ጥቅም አጣ። በፍሬም ሪሌይ ስዊቹ የተበላሸውን ፍሬም ይጥላል፣ ደህናውን ለቀጣዩ ያቀብላል። የጎደለውን መጠየቅ የዳርና ዳሩ ኮምፒውተሮች ፋንታ ነው። ግሱ ላይም ይጠንቀቁ፦ ፍሬሙ «ተጣለ» እንጂ «ጠፋ» አይበሉ። የጣለው ስዊቹ ነው፣ አውቆ።

«ጥቅል»ን አልመክርዎትም። ፓኬት በፍሬም ውስጥ ተጭኖ ነው የሚሄደው። ሁለቱም ጥቅል ከሆኑ «ጥቅሉ በጥቅሉ ውስጥ ይገባል» ሊሉ ነው፤ «በጥቅሉ» ደግሞ «በአጠቃላይ» ማለትም ነው። በዚያ ላይ ተማሪዎ ጥቅል የሚለው በስልኩ የሚገዛውን የኢንተርኔት ጥቅል ነው። ፓኬት፣ ፍሬም ብለው ይለዩአቸው።

«ዑደት» ለኤሌክትሪክ ተስማሚ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ዞሮ ወደ ምንጩ ይመለሳል። ከደሴ ኮምቦልቻ የተዘረጋ ግንኙነት ግን መስመር እንጂ ዑደት አይደለም። «ምናባዊ»ም በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር ነው። ቨርቹዋሉ መስመር የራሱ ሽቦ ባይኖረውም በስዊቾቹ ሰንጠረዥ ተመዝግቧል፣ ፍሬሞችም በእውነት ያልፉበታል። «ቨርቹዋል መስመር» ቢሉ ይበቃል።

ያልጠየቁኝን ዲኤልሲአይንም (DLCI፣ ለእያንዳንዱ ቨርቹዋል መስመር የሚሰጠውን ቁጥር) ልጨምር፤ «መለያ ቁጥር» ተብሎ ሲተረጎም ያሳስታልና። መለያ ቁጥር የትም ቢሄዱ አብሮ የሚሄድ ይመስላል። ይህኛው የሚያገለግለው ግን በአንዱ ጫፍ፣ በደንበኛውና በስዊቹ መካከል ብቻ ነው። የደሴው ቅርንጫፍ 102 የሚለውን መስመር ኮምቦልቻ 201 ሊለው ይችላል። «የመስመሩ ቁጥር በዚህ ጫፍ» ይበሉት። ቁጥሩ በተለመደው አሠራር 10 ቢት ስለሆነ ከ0 እስከ 1023 ይደርሳል፤ ጥቂቶቹ ለኔትወርኩ ለራሱ ሥራ የተያዙ ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው የመጨናነቅ ማሳወቂያው ትርጉም ነው። ፍሬም ሪሌይ ሁለት ማሳወቂያ አለው፤ አንዱ ፌክን (FECN) ሌላው ቤክን (BECN) ይባላል። ፌክንን «የወደፊት መጨናነቅ ማሳወቂያ» ብለው ከጻፉ ተማሪው ገና ሊመጣ ያለ መጨናነቅ ይመስለዋል። በአማርኛ «ወደፊት» ጊዜም ነዋ! መጨናነቁ ግን አሁን ነው። «ወደፊት» የተባለው ፍሬሙ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ ፌክን ተቀባዩ ጋ ይደርሳል። ቤክን ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ በሚመለሱ ፍሬሞች ላይ ሆኖ ላኪው ጋ ይደርሳል፣ ላኪውም ፍጥነቱን እንዲቀንስ ይጠቁማል። «ለተቀባይ የሚደርስ» እና «ለላኪ የሚደርስ የመጨናነቅ ምልክት» ብለው ይጻፉ፤ ረዘም ቢልም አያሳስትም።

ሲአይአርን (CIR) ደግሞ «የውል ፍጥነት» ይበሉት። አቅራቢው ላደርስ ብሎ የተዋዋለው ፍጥነት ነው። ከውሉ በላይ የተላከው ፍሬም ምልክት ሊደረግበት ይችላል፤ መንገዱ ሲጨናነቅም መጀመሪያ የሚጣለው ያ ነው።