ስለ ዩዝ ኬዝ ሥራና ስለ እኅትሽ ገንዘብ

እኅቴ ሆይ፣

ከኮምቦልቻ የላክሽውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የሶፍትዌር ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽ፣ በመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ከኮዱ ይልቅ የተጠቃሚውን ፍላጎት ጠይቆ በዩዝ ኬዝ (ተጠቃሚው በኮምፒዩተር ሥርዓቱ ሊፈጽም የሚፈልገውን አንድ ጉዳይ በሚገልጽ ጽሑፍና ሥዕል) እና በሲኩዌንስ ዳያግራም (ማን ለማን ምን መልእክት እንደሚልክ በጊዜ ቅደም ተከተል በሚያሳይ ሥዕል) ማስፈር እንደሚስብሽ፣ ጓደኞችሽ ግን «ይህ ለመምህር የሚሣል ሥዕል እንጂ እንጀራ አይሆንም» እንዳሉሽ ገልጸሻል። በዚህም የተነሣ ጅዳ ያለችው ታላቅ እኅትሽ የአራት ወር ደመወዟን እንድትልክልሽና አንቺም አዲስ አበባ የኮድ ሥልጠና እንድትገቢ ቤተሰቡ ወስኗል። ደሴ ሰኞ ገበያ እህል የሚነግዱት አባትሽ ደግሞ የባንክ ፈተና እንድትፈተኚ ይፈልጋሉ፤ አንቺም እንግሊዝኛሽ ያሰጋሻል።

የጓደኞችሽ አባባል ግማሹ እውነት ነው። በመመረቂያ ጽሑፎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማየው ሥዕል ካለፈው ዓመት ተማሪዎች የተቀዳ፣ «አድሚን» የሚባል ሰውና «ሎግ ኢን» የሚል ሞላላ ክብ ያለበት ስለሆነ በእርግጥም እንጀራ አይሆንም። የይለፍ ቃል ለማስገባት ብሎ ወደ ግምጃ ቤት የሚመጣ ሰው የለም፤ የሚመጣው ዕቃ ሊወስድ ነው፤ ዩዝ ኬዝ መባል ያለበትም ያ ጉዳዩ ነው። ኢቫር ያኮብሰን ይህን ዘዴ ያፈለቀው በስዊድኑ ኤሪክሰን የስልክ ማዞሪያ ሥርዓቶች ላይ ሲሠራ ነበር፤ የሶፍትዌር ሥዕሎች የጋራ ቋንቋ የሆነው ዩኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1997 መስፈርት ሆኖ ከጸደቀ ወዲህ ግን ሞላላው ክብ በየክፍሉ ሲሣል፣ ከክቡ ጀርባ መኖር የሚገባው ጽሑፍ፣ ማለትም መነሻ ሁኔታው፣ ዋናው ሂደትና አማራጭ መንገዶቹ፣ የተዘነጋ ይመስለኛል። ተማሪዎች ሁለት ክቦችን የሚያገናኘው ቀስት «ኢንክሉድ» (ሁልጊዜ የሚካተት) ነው ወይስ «ኤክስቴንድ» (እንደ ሁኔታው የሚጨመር) እያሉ ሲከራከሩ ይመሻል፤ ፕሮጀክታቸውን በመምህራን ፊት በሚያቀርቡበት በዲፌንስ ዕለት የሚጠየቁትም ያንኑ ስለሆነ አልፈርድባቸውም።

እኔ ይህን የተማርሁት አፍሬ ነው። ከዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ ለአንድ የመድኃኒት ግምጃ ቤት ሥርዓት ስንሠራ ኮዱን የጻፍሁት እኔ ነበርሁ፤ ኮዱም እንከን አልነበረበትም። ሥርዓቱ የዕቃ መጠየቂያው ቅጽ ሞዴል 20 ተፈርሞ ካልገባ የዕቃ ወጪ ቅጹን ሞዴል 22 አያወጣም ነበር። የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ግን ሌሊት ድንገተኛ ሕመምተኛ ሲመጣ መድኃኒቱን በቃል ትሰጥና ፊርማውን በማግስቱ ትቀበላለች። ይህን አስቀድሞ የጠየቃት አልነበረምና ሁለት ወር ሳይሞላ ኮምፒዩተሩን በጨርቅ ሸፍና የዕቃውን ገቢና ወጪ በእጅ ወደምትመዘግብበት ቢን ካርዷ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አጠገቧ ተቀምጬ «መድኃኒት ወጪ ማድረግ» የሚል አንድ ዩዝ ኬዝ ጻፍሁ። ዋናው ሂደት ሰባት መስመር ሲሆን አማራጭ መንገዶቹ ሁለት ገጽ ሞሉ፦ ሌሊት ቢሆንስ፣ የተጠየቀው ያህል ባይኖርስ፣ ጊዜው ሊያልፍበት የተቃረበው ሌላ መደርደሪያ ላይ ቢገኝስ፣ ፈራሚው ፈቃድ ላይ ቢሆንስ። ያንኑ በሲኩዌንስ ዳያግራም ስሥለው ደግሞ ጽሑፉ የሸፈነው ነገር ወጣ። በዚህ ሥዕል ጊዜ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ሥርዓቱ «ዕቃው አለ» ብሎ ከመለሰ በኋላ ቀሪውን የሚቀንሰው ፊርማው ሲገባ እንደሆነ፣ በመካከሉ ሁለተኛ ጠያቂ ቢመጣም ያንኑ የመጨረሻ ካርቶን ለሁለቱም እንደሚፈቅድ በዓይኔ አየሁ። የሌሊቱን መንገድ፣ አማራጭ ሂደቶች ተለይተው በሚሣሉበት «አልት» በሚባለው ሳጥን ለይቼ፣ ቀሪው ወዲያው እንዲቀነስና መጠየቂያው «ያልቀረበ» ተብሎ እንዲመዘገብ አደረግሁ። ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ብቻ ለማሳየት ኮሙኒኬሽን ዳያግራም ይበቃል፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ጣጣ በሚያመጣበት ቦታ ግን የምመርጠው ሲኩዌንስን ነው። ቀጥሎ የያዝኋቸውን ሥራዎች ያገኘሁት እነዚያን ጥቂት ገጾች አሳይቼ ነው፤ ኮዴን አሳየን ያለኝ አልነበረም።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልናገርና ቅር አይበልሽ። እኅትሽ በሰው አገር ደክማ ያገኘችውን የአራት ወር ደመወዝ፣ ዩኒቨርሲቲው እስካሁን ያስተማረሽን እንደገና ለሚያስተምር ሥልጠና ማዋል አግባብ አይደለም፤ ቤተሰቡ ሲወስንም እሷን መጀመሪያ የጠየቃት አይመስለኝም። ኮድ ተዪ ማለቴ ግን አይደለም። የሣልሽውን ሂደት ራስሽ ጽፈሽ ማስኬድ ካልቻልሽ ፕሮግራመሮቹ አይሰሙሽም፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ለትንተና ብቻ ሰው የሚቀጥር ትንሽ ድርጅት አላጋጠመኝም። ይህን ልምምድ ግን በፕሮጀክታችሁ ላይ በነጻ ታገኚዋለሽ።

የባንኩን ፈተና ተፈተኚ፤ ካለፍሽ ግቢ፤ ባንክም ፍላጎት የሚተነትን ሰው ያስፈልገዋል። ዩዝ ኬዝ የሚጻፈው በአጫጭር ዐረፍተ ነገር ስለሆነ እንግሊዝኛው አያስፈራሽ፤ ጥያቄውን የምታቀርቢው እንደሆነ በአማርኛ ነው።

ለሥራ ፈላጊነትሽ የሚሆን ማሳያ ከፈለግሽ ከአባትሽ መጋዘን ጀምሪ። «እህል በዱቤ መሸጥ» በዪና፣ ተበዳሪው ግማሹን በብር፣ ግማሹን በጤፍ ቢመልስ እንዴት እንደሚመዘግቡት ጠይቂያቸው። የጻፍሽውን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ «እንዲህማ አይደለም» ባሉሽ ቁጥር አንድ አማራጭ መንገድ አግኝተሻል። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ ለእኅትሽ ደውለሽ ገንዘቡን እንዳትልክ ንገሪያት።